ልጄን አይታችሁ ዝም ላላችሁ የልብ ተመራማሪዎች

ለ«ሕያው ልብ» የባዮሜዲካል ምርምር ኢንስቲትዩት የበላይ ኃላፊዎች፣
በተለይም የልብና የደም ሥር ሕመሞች ጥናት ክፍልን ለሚመሩት ለክቡር ዶክተር አንዷለም፣
ባላችሁበት።

ክቡራን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ፣ ጤናና ዕድሜ አብዝቶ ይስጣችሁ፣ የደም ግፊታችሁ ከልኩ አይለፍ፣ የልባችሁ ምት አይዛነፍ፣ ደረጃ ስትወጡም ትንፋሻችሁ አይቆራረጥ ብዬ እመርቃችኋለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል እንዳይመስላችሁ። ከዚህ በታች የምጽፈውን አንብቦ የማይደነግጥ ልብ ከመካከላችሁ ቢገኝ፣ እሱም ራሱን የቻለ ሕመም ነውና በመሣሪያችሁ እንድታዩት፣ አይታችሁም ለባለቤቱ እንድትነግሩት ከወዲሁ አደራ ለማለት ነው። እኛም በቆቦ ደህና ነን ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

እኔ ታረቀኝ ውዱ እባላለሁ። ሥራዬ በፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ለባለጉዳይ ማመልከቻ መጻፍ ነው። በወሰን የተጣላውን፣ በውርስ የተካሰሰውን፣ ማሽላውን የሰው ግመል የበላበትን ሁሉ ወክዬ «ክቡር ፍርድ ቤት ሆይ» ስል ጸጉሬ ሸብቷል። ለራሴ አቤት ስል ግን ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ቁጣዬ አክብሮቴን ቀድሞ ቢወጣ ይቅር እንደምትሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ባትሉኝም ጽፌ እጨርሰዋለሁ።

የምጽፈው ስለ ልጄ ስለ ፍሬሰላም ነው። እናንተ በቁጥር እንጂ በስሟ ስለማታውቋት፣ አስቀድሜ ላስተዋውቃችሁ። ፍሬሰላም ዘንድሮ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ድሮ በትምህርት ቤቷ በሩጫ የሚቀድማት አልነበረም፤ ዛሬ ከአልጋዋ እስከ ደጃፉ ስትደርስ ግድግዳ ይዛ ታርፋለች። ሌሊቱንም ሦስት ትራስ ተደራርቦላት፣ ተቀምጣ ነው የምታድረው፤ ጋደም ካለች ትንፋሽ ያጥራታል። ይህን ሁሉ ከእኔ በፊት እንደምታውቁት አውቃለሁ፤ እኔን ያስቆጣኝም እሱ ነው። ስለሆነም አቤቱታዬን በተራ ቁጥር እንዲህ አቀርባለሁ፦

አንደኛ፣ ስለ መጀመሪያው አመጣጣችሁ። ከጦርነቱ በፊት ከቆቦ ወደ ጎብዬ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለችው ሰፈራችን መጥታችሁ፣ ነጯን መኪናችሁን በትምህርት ቤቱ ግቢ አቁማችሁ የልጆቻችንን ልብ በመሣሪያ ልታዩ በፈለጋችሁ ጊዜ፣ ልጁን ይዞ የመጣላችሁ ሰው አልነበረም። ሴት ልጅ ደረቷን ለማታውቀው ሰው አትገልጥም ያለ ነበረ፤ ደም ቀድተው ሊወስዱ ነው ያለም ነበረ። እናንተም በዚያ ፀሐይ ከመኪናችሁ ጥላ ሥር ቆማችሁ ከዋላችሁ በኋላ፣ ብልሃት የማያጡት ዶክተር አንዷለም የአገሩን መንገድ ጠይቀው ወደ ሼህ ዒምራን ደጅ ሄዱ።

ሼህ ዒምራን ማን እንደሆኑ ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። በእኛ አካባቢ ደም የተቃባ የሚታረቀው በእርሳቸው ፊት ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም እርሳቸው ያሉትን አይመልስም። በራያ ደግሞ ለእንግዳ ዋስ የሆነ ሰው፣ የእንግዳው ጥፋት ጥፋቱ ነው፤ እንግዳው አጥፍቶ ቢሄድ የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ሼህ ዒምራን ይህን ጠንቅቀው እያወቁ ሕዝቡን ሰበሰቡና እናንተን በመካከል አቁመው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ያያችሁትን ትነግሩናላችሁ?» አሉ። ዶክተር አንዷለምም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አንድም ሳናስቀር» ብለው መለሱ። ሼሁ ወደ እኛ ዞረው ዋሳቸው እኔ ነኝ አሉ፤ በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ግቢ በልጅ ተጥለቀለቀ። እኔም የሰው ወረቀት እያነበብኩ እንጀራዬን የምበላ ሰውዬ፣ የእናንተን ወረቀት ሳላነብ ፈረምኩ። ሼህ ዒምራን ዋስ በሆኑበት ነገር ወረቀት ማገላበጥ እርሳቸውን መጠርጠር ነውና፣ ከወላጁ ሁሉ ያነበበ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ይህን ወጋችንን ከእኛ ይልቅ እናንተ ስለተጠቀማችሁበት፣ የባህል ጥናትም ጎን ለጎን እንደምታካሂዱ ስለተረዳሁ ላመሰግናችሁ እወዳለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ዝምታችሁ። ልጆቻችንን ሁሉ አይታችሁ፣ ያረድንላችሁን ፍየል በልታችሁ፣ መርቃችሁና ተመርቃችሁ ሄዳችሁ። ከዚያ በኋላ ከእናንተ የመጣ ድምፅ የለም። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ እንደሆነ ማመን ሳይኖርብኝ አይቀርም፤ እኛ ቆላዎቹ ዝምታን የምንተረጉመው በራሳችን መንገድ ነውና። በእኛ ዘንድ እረኛ እንኳ የማያውቀው ሰው ግመል ቆስሎ ቢያይ፣ ወደ ዋጃም ሆነ ወደ ቆቦ በሚያልፍ መንገደኛ ለባለቤቱ መልእክት ይሰዳል። ክፉ ነገር አይቶ ዝም የሚል ሰው አይተን ስለማናውቅ፣ የተማሩት ሰዎች ዝም ካሉ ልጆቻችን ደህና ናቸው ማለት ነው ብለን ደመደምን። ባለቤቴ ቆንጅትማ ለጽዋ ማኅበሯ ዳቦ ደፍታ አምላኳን አመሰገነች።

ከዚያ ፍሬሰላም ጉልበቷን ያማት ጀመር፤ ትንሽ ቆይቶ ሩጫው ቀረ፤ ኋላም የትምህርት ቤቱ መንገድ ራቀባት። ጤና ጣቢያ በወሰድናት ቁጥር ስለ ልቧ ሲጠይቁን፣ ቆንጅት ኮራ ብላ ልቧማ በአዲስ አበባ ሰዎች መሣሪያ ታይቷል፣ ምንም የለባትም እያለች ትመልሳለች። ስለዚህ የታይፎይድ መድኃኒት ወሰደች፤ የጨጓራ ወሰደች፤ የደም ማነስ ነው ተብሎ እንክብል ዋጠች፤ ጎረቤት ዓይን ነው ሲለን ጠበል ይዘናት ከረምን፤ ስንፍና ነው ያለም አልጠፋም። በእናንተ ቸርነት የልጄን በሽታ ከልቧ በቀር ያልፈለግንበት ቦታ የለም። እናንተ ባትመጡ ኖሮ እኮ፣ ደረቷን የሚያዳምጥላት አንድ ሰው ምናልባት በጊዜ እናገኝ ነበር። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ስለ በሽተኛው ነበር፤ ሐኪሙ ከበሽተኛው የሚደብቅበት ዘመን ይመጣል ብለው አልጠረጠሩም።

ሦስተኛ፣ ስለ ሁለተኛው አመጣጣችሁ። ባለፈው ዓመት ለሼህ ዒምራን ስልክ ደውላችሁ ያንኑ ጥናት ልትቀጥሉ እንደምትፈልጉ ነገራችኋቸው፤ እርሳቸውም እንግዳ ክቡር ነው ብለው ደግመው ዋስ ሆኑላችሁ። እኔም ልጄን በባጃጅ ጭኜ አመጣሁላችሁ፤ በእግሯ መምጣት አልቻለችምና። አንዱን የመማሪያ ክፍል በአንሶላ ጋርዳችሁ ነበር። እኔ ከአንሶላው ወዲህ ቆሜ ስጠብቅ፣ ወጣቷ ሐኪማችሁ የፍሬሰላምን ልብ አየችና የሥራ ባልደረባዋን ጠራች፤ የድሮውን ምስልና የአሁኑን አስተያዩ። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ያኔ ቀላል ነበር፤ አሁን ግን ገፍቷል።» ድምጿ ያዘነ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የገመተው የሆነለት ሰው ድምፅ ነበር።

አንሶላውን ገልጬ ገባሁና «ያኔ» ማለት መቼ እንደሆነ በትሕትና ጠየቅኋት። ሐኪሟ ደንግጣ ወደ ዶክተር አንዷለም መራችኝ። ዶክተር አንዷለም ሳይቆጡ ሳይደናገጡ፣ እንደ ጨዋ ሰው አስረዱኝ። የፍሬሰላም የልብ በር መጎዳት ገና በመጀመሪያው ጉብኝታችሁ እንደታየ፣ የጥናቱ ዓላማ ግን ሕመሙ በቆላው ልጆች ላይ በራሱ መንገድ እንዴት እንደሚሄድ መከታተል እንደሆነ ነገሩኝ። በራሱ መንገድ! ልጄ ስትሮጥ አይታችኋት፣ ስትቆም ልታዩ ተመልሳችሁ መጣችሁ ማለት ነው። ፍሬሰላም የመመርመሪያው አልጋ ላይ ሆና ይህን ሁሉ ስትሰማ ነበር። አንዳችሁም ዞር ብላችሁ አላያችኋትም፤ አይታችሁ ጨርሳችኋላ።

አራተኛ፣ ስለ ሰጣችሁኝ መልስ። እዚያው በዚያው ተናድጄ ስለጠየቅሁ መልሳችሁ በችኮላ የተሰጠ እንዳይሆን ብዬ፣ አዲስ አበባ ድረስ ደውዬ የቢሮአችሁን ሰዎች በሰላማዊ ቃል ጠይቄያለሁ። በመጀመሪያ የተሳታፊ ምስጢር እንደሚጠበቅ ነገራችሁኝ። ይህን ስሰማ ኮርቻለሁ፤ የልጄን ምስጢር ከጎረቤት፣ ከአባቷ፣ ከእናቷ አልፋችሁ ከራሷም ጠብቃችሁላታልና። ቀጥሎ ሥራችሁ ምርምር እንጂ ሕክምና እንዳልሆነ ገለጻችሁልኝ። እኔም እኮ ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ እንጂ እሳት ማጥፋት አይደለም፤ የሰው ቤት ሲቃጠል ሳይ ግን ጠረጴዛዬን ትቼ ሳልጮህ አልቀርም። በመጨረሻም ጦርነቱ መንገድ ዘግቶብን ነበር አላችሁ። ጦርነቱ በእኛ ላይ የሠራውን እኛው እናውቀዋለን፤ የእናንተን ጥፋት ደግሞ ደርባችሁ አታሸክሙት። የመጀመሪያው ጥናታችሁ ታትሞ የወጣው መንገዱ ሳይዘጋ ነበር። መንገዱ ተከፍቶ ለሁለተኛው ጥናት በፈለጋችሁን ጊዜም የሼህ ዒምራንን ስልክ አላጣችሁትም። ስልኩ እናንተ ሲያስፈልጋችሁ ይሠራል፤ ለእኛ ሲሆን ይቋረጣል።

ልጄን የወሰድንበት ሆስፒታል ሐኪም ያስረዳን ነገር ደግሞ ለእናንተ አዲስ አይደለም፤ ለአንባቢ ስል ልድገመው። ይህ ሕመም በልጅነት ከሚመጣ፣ በወጉ ሳይታከም ከሚታለፍ የጉሮሮ ቁስል ይነሳና የልብን በር ይበላል። በጊዜው የታወቀለት ልጅ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ እየተወጋ ከቆየ፣ ብዙ ጊዜ ባለበት ይቆማል። ያ መርፌ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ አለ። ከእኛ ቤት ጤና ጣቢያው ሩቅ አይደለም፤ ፍሬሰላም ያኔ በሩጫ ደርሳ በሩጫ ትመለስ ነበር። አሁን ግን መርፌው ብቻውን ስለማይበቃት፣ የልብ በሯ በቀዶ ጥገና መለወጥ አለበት ተብለን አዲስ አበባ ወረፋ እየጠበቅን ነው። ወረፋው ይቅደም ልቧ ይቅደም አናውቅም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ከብዕሬ ጋር ስታገል ነው የዋልኩት።

አምስተኛ፣ ስለ ሽልማታችሁ። ዶክተር አንዷለም በቆላ ልጆች ልብ ላይ ባደረጉት ጥናት ሜዳልያ ሲጠለቅላቸው በቴሌቪዥን አይተናል። እንኳን ደስ ያለዎ። ንግግርዎን እስከ መጨረሻው ልሰማ ፈልጌ ነበር፤ ቆንጅት አጠፋችው።

ክቡራን ሆይ፣ አቤቱታዬ በዚህ ቢያበቃ በወደድኩ። ነገር ግን ደብዳቤውን እንድጽፍ ያስነሳኝን ነገር ገና አልነገርኋችሁም።

ወሬው ሼህ ዒምራን ጆሮ ደረሰ። ሰውየው ሰማንያ የሚጠጋቸው ሽማግሌ ናቸው። ባለፈው ሰሞን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሆነው በደጃፋችን ቆሙ፤ ቀና ብዬ ሳይ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። በእኛ አገር ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ የሚቆም ሰው ምን ማለት እንደሆነ ታውቁ ይሆናል፣ አገራችንን አጥንታችሁ የለ? ነፍስ ያጠፋ ሰው ነው እንዲህ አጎንብሶ ይቅርታ የሚለምን። ሼህ ዒምራን ግን ዝንብ ያልገደሉ ሰው ናቸው። እባክዎ ያውርዱት፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። «ልጅህን የሰጠኻቸው የኔን ቃል አምነህ ነው፤ እነሱንማ ከየት ታውቃቸዋለህ» አሉኝ።

ድንጋዩን ማውረድ ያለበት የተበደለው ሰው ነው። ፍሬሰላም ከአልጋዋ ተነሥታ ግድግዳውን እየያዘች ወጣች። ሁለት እጇን ዘርግታ ከሽማግሌው አንገት ላይ ልታነሣው ሞከረች፤ ትንፋሿ ቢያጥራትም አለቀቀችውም። እናቷ ከበታች ደግፋላት አብረው አወረዱት። ሼህ ዒምራን አለቀሱ፤ ፍሬሰላም ግን አላለቀሰችም፤ ይቅር ብዬዎታለሁ አባባ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። እኔ ያን ሰዓት እናንተን አሰብኩ። መንበራችሁ ላይ ተቀምጣችሁ፣ የእናንተን ድንጋይ የተሸከመላችሁን ሰው ስም እንኳ በምስጋና ገጻችሁ ላይ እንዳልጻፋችሁለት አሰብኩና ደሜ ፈላ።

ምሳ አብረን በላን፤ ሼሁ ዱዓ አደረጉልን፤ ጉዳዩ በእኛና በእርሳቸው መካከል አለቀ። ከዚያ ሊሄዱ ሲነሡ ድንጋዩን መልሰው አነሡት። ወዴት ነው ብንላቸው፣ በዚያ ጊዜ በዋስትናቸው የታዩት ልጆች ብዙ እንደሆኑ፣ ከፍሬሰላም ሌላም የታመሙ እንደሚኖሩ፣ የትኞቹ እንደሆኑ ግን የሚያውቅ ሰው ስለሌለ፣ የሁሉንም ደጅ ሊያዳርሱ እንደሆነ ነገሩን። እነሆ ከዚያ ጀምሮ ሽማግሌው በዚህ ሙቀት ከበር ወደ በር ይዞራሉ። የገቡበት ቤት እናት ትደነግጣለች፤ ልጇን ትጠራለች፤ ጉልበትህን ያምሃል ወይ፣ ስትሮጥ ይደክምሃል ወይ ትለዋለች። ከዚያ የማታውቀውን ይቅርታ ትሰጣለች፤ ሼሁም ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳሉ። ጤና ጣቢያውም ልቡን እዩልኝ በሚል ወላጅ ተጨናንቋል፤ የእናንተ ዓይነት መሣሪያ ግን የለውም።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ካሳ አልጠየቅሁም፤ ሜዳልያውንም መልሱ አላልሁም። የታመሙትን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። ለየወላጆቻቸው ንገሯቸው፤ ዛሬ ንገሯቸው። ያኔ ቀላል የነበረው የአንዳንዱ ልጅ ልብ አሁንም ቀላል ሊሆን ይችላል፤ መርፌው ሊያቆመው ይችላል። ይህን ልመና ያቀረበችው ልጄ ናት፤ የእኔን ተወው አባባ፣ የእነሱን ቶሎ አስነግርላቸው ብላኝ ነው የጻፍኩት። እኔ ብሆን ሌላ ነገር ነበር የምጽፍላችሁ።

ለምርምራችሁ መሳካት፣ ለማዕረጋችሁ ከፍ ማለት፣ ለእንቅልፋችሁም ሰላም መሆን ዘወትር የሚመኝ፣ ባርኔጣውን ከራሱ አውልቆ ብዕሩን ግን ከእጁ ያላወረደ፣

ታረቀኝ ውዱ
የፍሬሰላም አባት
ቆቦ

ግልባጭ፦
ለሼህ ዒምራን፣ ለመረጃ ያህል፤
ስለ ልባቸው ምንም ላልተነገራቸው የሰፈራችን ልጆች ወላጆች በሙሉ፤
ለፍሬሰላም ታረቀኝ፣ በዚህኛው እንኳ ሳይነገራት እንዳይቀር።

ድኅረ ጽሑፍ፦ የቢሮአችሁ ጸሐፊ በስልክ እንደነገረችኝ፣ በሚቀጥለው ዙር ሳይገኝ የቀረ ተሳታፊ፣ ቢሞትም ቢታመምም፣ «ከክትትል የጠፋ» ተብሎ ይመዘገባል። እግዚአብሔር አያድርገውና እስከዚያ ልጄን ባታገኟት እንኳ እንደዚያ ብላችሁ እንዳትጽፉባት አደራ። ቤታችን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው፤ ለማንም ባለባጃጅ የታረቀኝ ቤት ብትሉት ያደርሳችኋል። እዚያው ነበረች፤ እየጠበቀች። የጠፋችሁት እናንተ ናችሁ።